ዝግ ያለው ሙዚቃ፣ ጥብቁ ሕግ፦ አርቮ ፔርትን ለመስማት

ፒያኖው ሦስት ሦስት ድምፅ እየነካ ይሄዳል። ቫዮሊኑ ከላዩ አንድ ረጅም ድምፅ ይዞ ይቆያል፤ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ምት የሚያፈጥን የለም፣ የሚጮህ የለም፤ ከስምንት እስከ አሥር ደቂቃ እንዲሁ ይዘልቃል። ርእሱን የማያውቅ ሰው እንኳ በአንድ ፊልም ውስጥ፣ ወይም ዩቲዩብ ላይ «ለጥናትና ለእንቅልፍ» ተብሎ ከተሰበሰበ ሙዚቃ መካከል ሰምቶት ይሆናል። «ሽፒገል ኢም ሽፒገል» ይባላል፣ መስታወት በመስታወት ውስጥ ማለት ነው። የተጻፈው በ1978 ሲሆን (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ደራሲው ኤስቶኒያዊው አርቮ ፔርት ነው።

ስለ ፔርት ሲነሣ መጀመሪያ የሚባለው «ያረጋጋል» ነው። ሐሰት አይደለም። ይሁን እንጂ በዚህ ብቻ ከተውነው፣ ሰውዬው ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱ የመራውን ሁሉ የሚጫወት ይመስለናል። ነገሩ ተቃራኒ ነው። የፔርት ሙዚቃ ተቆጥሮ የተሠራ ነው። አብዛኛው ኖታ የገባው «ይኼኛው ያምር ይሆን?» ተብሎ ሳይሆን ሕጉ ስላዘዘው ነው። ሕጉን ለመረዳት ደግሞ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ ማለት የሚችል ሁሉ ይከተለዋል።

በመጀመሪያ ግን ሰውዬው እዚያ ሕግ ላይ እንዴት እንደደረሰ እንይ። በቀላሉ አልደረሰምና።

ከጩኸት እስከ ዝምታ

ፔርት በሴፕቴምበር 11 ቀን 1935 ፓይዴ በምትባል የኤስቶኒያ ከተማ ተወለደ፤ ያደገው ራክቬሬ ነው። ቤታቸው የነበረው ፒያኖ መካከለኛው ክፍሉ የተበላሸ ስለነበር ልጁ ከላይ በቀጭኖቹ፣ ከታች በወፍራሞቹ ድምፆች መሞከር ለመደ። አደባባይ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ የሬዲዮ ኦርኬስትራ ሲያሰማ፣ በብስክሌት እየዞረ ያዳምጥ ነበር። ዛሬ ራክቬሬ አደባባይ ላይ ብስክሌት የያዘ ልጅ ሐውልት ቆሞለታል።

ኤስቶኒያ ያኔ በሶቪየት ኅብረት ሥር ነበረች። ፔርት ታሊን በሚገኘው ኮንሰርቫቶሪ ከሄይኖ ኤለር እየተማረ፣ ከ1958 እስከ 1967 ድረስ በኤስቶኒያ ሬዲዮ በድምፅ ቀረጻ ባለሙያነት ይሠራ ነበር። በ1960 «ኔክሮሎግ» የተባለ የኦርኬስትራ ሥራ ጻፈና ችግሩ ተጀመረ። ሥራው በ12 ድምፅ ስልት የተጻፈ የመጀመሪያው የኤስቶኒያ ሙዚቃ ነው። ይህ ስልት አርኖልድ ሾንበርግ በ1920ዎቹ ቪየና ላይ ያወጣው ነው። በአንድ ኦክታቭ ውስጥ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ) ያሉት 12 ድምፆች፣ የፒያኖው ነጭና ጥቁር ቁልፎች፣ በአንድ የተወሰነ ቅደም ተከተል ይደረደራሉ፤ ሁሉም ተራቸው እስኪደርስ አንዱም አይደገምም። ስለዚህ «ቤት» የሚሆን ድምፅ የለም፤ ጆሮ የሚያርፍበት ያጣል። ሞስኮ ይህን «ፎርማሊዝም» ትለው ነበር፣ ሕዝብ የማይገባው የምዕራባውያን ብልሃት ለማለት። የሙዚቃ ደራሲያን ማኅበሩን የሚመራው ቲኾን ክሬኒኮፍ ፔርትን በአደባባይ ነቀፈው። የሚያስቀው፣ በ1962 በዚያው በሞስኮ የወጣት ደራሲያን ውድድር ላይ የልጆች ዝማሬው አንደኛ ሽልማት ማግኘቱ ነው። በአንድ እጅ ይገረፋል፣ በሌላው ይሸለማል።

በ1960ዎቹ አጋማሽ የጥንቱን ጀርመናዊ ደራሲ የባኽን ሙዚቃ ቁራጮች እየወሰደ በራሱ ጩኸት መሐል መሰንቀር ጀመረ። የዚህ ጫፍ በ1968 የተጻፈው «ክሬዶ» ነው። ባኽ በዶ ሜጀር (ዶን ቤቱ ባደረገ ብሩህ የድምፅ መሰላል) የጻፈው የታወቀው አጭር የፒያኖ ሥራ፣ ፕሬሉዱ፣ ይጀምርና ቀስ በቀስ በ12ቱ ድምፆች ይወረራል። መዘምራኑና ኦርኬስትራው ወደ ሁከት ይገባሉ፤ «ዓይን ስለ ዓይን፣ ጥርስ ስለ ጥርስ» ይጮሃሉ። ከዚያ ሁከቱ ይደክማል፣ የባኽ ፒያኖም ተመልሶ ይመጣል። በኖቬምበር 1968 ኔሜ ያርቪ ታሊን ላይ ሲመራው አዳራሹ ተነቃነቀ፤ ባለሥልጣናቱ ግን ሌላ ነገር ሰሙ። ላቲኑ ጽሑፍ «በኢየሱስ ክርስቶስ አምናለሁ» ይላል፤ ይህ በሶቪየት መድረክ የሚባል ነገር አልነበረም። «ክሬዶ» ታገደ፣ ደራሲውም በጥርጣሬ የሚታይ ሰው ሆነ።

እገዳው ሥራውን የዘጋበት ይመስላል፤ እኔ ግን የከፋው በር የተዘጋው ከውስጥ ነው እላለሁ። 12 ድምፅ የሚባለው ነገር አልቆበታል፤ የባኽን ቁራጭ መሰንቀርም የሌላ ሰው ቤት ውስጥ መኖር ነው። ከ1968 እስከ 1976 ድረስ ከሦስተኛው ሲምፎኒ (1971) በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ አላወጣም። ለእንጀራው የፊልም ሙዚቃ ይጽፍ ነበር። ለራሱ ደግሞ ወደ ኋላ ሄደ፦ ወደ ግሪጎርያን ዜማ (ጥንታዊው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነጠላ ዜማ)፣ ወደ 14ኛውና 15ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ። ደብተር በደብተር ላይ ነጠላ የዜማ መስመር ሞላ። መዝሙረ ዳዊት ያነብና ወዲያው አንድ መስመር ይጽፋል፤ የወፎችን በረራ ቅርፅ እያየ ሌላ መስመር ይጽፋል። አንድ ቀን በር ላይ የሚጠርገውን የጽዳት ሠራተኛ፣ «የሙዚቃ ደራሲ እንዴት አድርጎ ነው መጻፍ ያለበት?» ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው አሰበና እያንዳንዷን ድምፅ መውደድ ሳይኖርበት አይቀርም ብሎ መለሰለት። ፔርት ከሙዚቃ ሊቃውንት እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ እንደማያውቅ ደጋግሞ ተናግሯል።

በ1972 ኖራን አገባ፣ በዚያው ዓመትም የኦርቶዶክስ እምነትን ተቀበለ። ለእኛ አንባቢ ግልጽ ለማድረግ፣ ይህ የግሪክና የሩሲያ ወገን የሆነው ምሥራቃዊ ኦርቶዶክስ ነው፤ የኬልቄዶንን ጉባኤ ከማይቀበሉት ከኢትዮጵያና ከግብፅ አብያተ ክርስቲያናት ጋር አንድ ቁርባን የለውም።

ሁለት ድምፅ፣ አንድ ሕግ

በፌብሩዋሪ 1976 «ፉር አሊና» የተባለች ሁለት ገጽ የፒያኖ ሥራ ጻፈ። ከእናቷ ርቃ ወደ እንግሊዝ ለሄደች ወጣት ማስታወሻ ነበረች። 15 ባር (የኖታ ክፍል) ብቻ ናት፣ የምት ልክ ምልክት እንኳ የላትም። ከዚያ ወዲህ የጻፈው ሁሉ ከእሷ የወጣ ነው። ስልቱን ከላቲኑ የትንሽ ደወል ስም ወስዶ «ቲንቲናቡሊ» አለው።

ሕጉ ይኸውና። ሁለት ድምፅ አብረው ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ዜማ ነው፤ በስኬሉ (በድምፆቹ መሰላል) ላይ እርምጃ በእርምጃ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሁለተኛው አጃቢ ነው፤ ግን እንደለመድነው አጃቢ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አይቀያይርም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሦስት ድምፆች ብቻ ተፈቅደውለታል። በላ ማይነር (ላን ቤቱ ባደረገ ጨለም ያለ መሰላል) ከሆንን ላ፣ ዶ እና ሚ ናቸው፤ ሌላ የለም። ዜማው በተራመደ ቁጥር አጃቢው ከሦስቱ አንዱን ይዞ ይገኛል። የትኛውን? እሱንም ሕጉ ይወስናል፤ ለምሳሌ «ሁልጊዜ ከዜማው በላይ ቅርብ ያለውን» ሊል ይችላል።

እንሞክረው። ዜማው ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ብሎ ይውጣ። ከላ በላይ ቅርቡ የተፈቀደ ድምፅ ዶ ነው። ከሲ በላይም ዶ። ከዶ በላይ ሚ፣ ከሬ በላይም ሚ። ከሚ በላይ ቀጣዩ ላ ነው። ስለዚህ አጃቢው ዶ፣ ዶ፣ ሚ፣ ሚ፣ ላ ይላል። ፒያኖ ወይም ኪቦርድ ያለው ሰው ሁለቱን አብሮ ይጫወታቸው። ላ እና ዶ አብረው ሲሰሙ ይጣጣማሉ። ሲ እና ዶ ግን ጎን ለጎን ናቸውና ይሻከራሉ። ዶ እና ሚ እንደገና ይስማማሉ፤ ሬ እና ሚ እንደገና ይነካካሉ። መሻከርና መስማማት እየተፈራረቁ መጡ፣ አንዱንም ግን ማንም አልመረጠውም። ሰው በፔርት ሙዚቃ ውስጥ «ኀዘንና መጽናናት አንድ ላይ» የሚለው ስሜት ትልቁ ምንጩ ይህ ነው፤ ሥሌቱ ራሱ ያወጣዋል።

ሌላም ውጤት አለ። አጃቢው ሦስቱን ድምፆች ስለማይለቅ ሙዚቃው ከቤት አይወጣም። ሞዛርት ወይም ቤትሆቨን ላይ ኮርዱ ይሄዳል፣ ይርቃል፣ ውጥረት ይፈጥራል፣ ከዚያ ይመለሳል፤ አድማጩም «አሁን ሊመለስ ነው» እያለ ይጠብቃል። እዚህ የሚጠበቅ መመለስ የለም፣ ቀድሞ የሄደ የለምና። ጊዜ የቆመ የሚመስለን ከዝግታው ይልቅ በዚህ ምክንያት ነው፤ ፈጣን የሆኑት የፔርት ሥራዎችም ያንኑ ስሜት ይሰጣሉ።

ባለቤቱ ኖራ ነገሩን በአንድ ስሌት አጠቃልላዋለች፦ 1 ሲደመር 1 ይሆናል 1። ሁለቱ ድምፅ ሁለት ሆነው አይሰሙም። ለፔርት ዜማው የሚባዝነው፣ የሚሳሳተው የሰው ልጅ ነው፤ አጃቢው ደግሞ ይቅርታ። እምነቱን ያልተካፈለ አድማጭም ቢሆን ማን እንደሚንከራተትና ማን እንደማይነቃነቅ ይሰማዋል።

ሕግ ካለ መጣስም ትርጉም ያገኛል። «ፉር አሊና» ላይ የግራ እጁ የሲ ማይነርን ሦስት ድምፆች ይዞ ሲሄድ፣ ወደ መጨረሻው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሦስቱ ውጪ ያለ ድምፅ ይመታል። ፔርት ኖታው ላይ እዚያች ቦታ አበባ ሥሎባታል።

እዚህ ላይ ነው «ፔርት 12 ድምፁን ጥሎ ወደ ቀላል ሙዚቃ ተመለሰ» የሚሉት የሚሳሳቱት። የጣለው ድምፆቹን ነው፤ ደራሲው አስቀድሞ ሕግ አውጥቶ እጁን ማሠሩን አልጣለም። የወጣትነቱ ትምህርት በሙሉ እዚህ አለ።

ስድስት ደቂቃ በጥልቀት

ሕጉ ትልቅ ነገር ሲሠራ ለማየት «ካንቱስ» የተሻለ ነው። እንግሊዛዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤንጃሚን ብሪተን በዲሴምበር 1976 ሞተ። ፔርት የብሪተንን ሙዚቃ ጥራት ገና ማወቁ ነበር፤ ሊያገኘውም ይመኝ ነበር። ለመታሰቢያው በ1977 የጻፈው ለባለ አውታር መሣሪያዎችና ለአንድ ደወል ነው።

ደወሉ ላ ላይ ሦስት ጊዜ ይመታል። ከዚያ አንደኛ ቫዮሊኖች ከላይ ይጀምራሉ፣ የሚጫወቱትም የላ ማይነርን ስኬል ወደ ታች ብቻ ነው፦ ላ። ላ፣ ሶል። ላ፣ ሶል፣ ፋ። ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ። በየዙሩ አንድ ድምፅ እየጨመረ ይረዝማል። ሁለተኛ ቫዮሊኖች ይህንኑ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብለው፣ በግማሽ ፍጥነት ይጫወታሉ። ቫዮላዎቹ ደግሞ በእነሱ ግማሽ፣ ቼሎዎቹ በቫዮላዎቹ ግማሽ፣ ኮንትራባሶቹ በቼሎዎቹ ግማሽ። ስለዚህ ከታች ያለው ከላይኛው 16 ጊዜ ይዘገያል። አምስት ቡድን፣ አንድ ዜማ፣ አምስት ፍጥነት። ከቫዮላዎቹ በቀር እያንዳንዱ ቡድን ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ወገን ዜማውን፣ ሌላው ሦስቱን ድምፆች ይይዛል።

ሁሉም ወደ ታች ይሄዳል፤ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር የለም። እያንዳንዱ ቡድን መድረሻው ተወስኖለታል፤ የደረሰው እዚያው ድምፅ ላይ ቆሞ ሌሎቹን ይጠብቃል። በመጨረሻ ኦርኬስትራው በሙሉ አንድ ከባድ የላ ማይነር ኮርድ ላይ ይቆማል። ደወሉ ከመጨረሻው በፊት በቀስታ ይመታል፤ አውታሮቹ ስለሚሸፍኑት አይሰማም። እነሱ በድንገት ሲያቆሙ ነው የደወሉ ቅሪት የሚወጣው። ደወል ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር ሌሎች ረቂቅ ድምፆችም ይነሣሉ፤ ከእነዚህ መካከል ዶ ዲዬዝ (ከዶ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለችው) ትሰማለች። ዶ ዲዬዝ ደግሞ ማይነሩን ወደ ሜጀር የምትቀይረው ድምፅ ናት። ስድስት ደቂቃ ሙሉ ሲጨልም የቆየው ነገር መጨረሻው ላይ ተጫዋች ሳይነካው በራ ማለት ነው። እኔ ከፔርት ሥራዎች ሁሉ ብልሃቱ የሚያስደንቀኝ ይኼኛው ነው።

ቃል ሲቆጠር

ከፔርት ሥራዎች ብዙዎቹ ለመዘምራን የተጻፉ ናቸው፣ እዚያ ደግሞ ሕጉ አንድ ተጨማሪ ጌታ አለው፦ ጽሑፉ። በ1977 ባወጣው «ሚሳ ሲላቢካ» ላይ የቃሉ ክፍለ ቃላት ብዛት ዜማው የሚሄደውን ርቀት ይወስናል። «ኤሌይሶን» አራት ክፍለ ቃል አለው እንበል፤ ዜማው ከማዕከላዊው ድምፅ አራተኛ በሆነው ቦታ ጀምሮ እየተራመደ እዚያ ይደርሳል፣ ወይም በተቃራኒው ከዚያ ተነሥቶ ይርቃል። አንድ ክፍለ ቃል ብቻ ያለው ቃል ማዕከላዊውን ድምፅ ራሱን ያገኛል። «ፓሲዮ» (1982) ላይ ሥርዓተ ነጥብም ይገባል፦ ከነጠላ ሰረዝ ወይም ከአራት ነጥብ በፊት ያለው ቃል ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ዝምታውም ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ተወስኗል። ጽሑፉ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 እና 19 በላቲን ነው፤ ሳያቋርጥ 70 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። የኢየሱስ ባስ ድምፅ ከሁሉም በዝግታ ይናገራል።

ይህ ማለት ደራሲው «ሰቀሉት» የሚለው ቃል ላይ ጩኸት አይጨምርም። ቃሉ በክፍለ ቃሉ ልክ ይነገራል፣ ከዚያ ያልፋል። አንዳንድ አድማጭ ይህን ቅዝቃዜ ይለዋል። የቤተ ክርስቲያን ንባብና ዜማ ሲሰማ ያደገ ሰው ግን አንባቢው የራሱን ስሜት ከቃሉ ፊት እንደማያስቀድም ስለሚያውቅ፣ ብዙም አይገርመው ይሆናል።

ከታሊን መውጣት

1977 ለፔርት የመከር ዓመት ነበር፦ «ፍራትሬስ»፣ «ካንቱስ»፣ «ሱማ»፣ «ታቡላ ራሳ» ሁሉም በዚያ ዓመት ወጡ። የሶቪየት ባለሥልጣናት ግን አልተመቻቸውም። ኖራ የአይሁድ ዘር ስላላት የመውጫ ፈቃድ ማግኘት ቻሉ፣ በጃንዋሪ 1980 ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በባቡር ወጡ። ብሬስት የድንበር ጣቢያ ላይ ፖሊሶቹ ሻንጣቸውን ሲበረብሩ የተቀዱ ሥራዎቹን አግኝተው አጫወቷቸው፤ ጣቢያው በ«ካንቱስ» ተሞላ። መጀመሪያ ቪየና፣ ቀጥሎም በርሊን ኖሩ።

ዓለም ያወቀው በአንድ አልበም ነው። ኢሲኤም የተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ኩባንያ መሥራች ማንፍሬድ አይኸር መኪና እየነዳ ሬዲዮ ላይ «ታቡላ ራሳ»ን ሰማ፤ ከዚያም የማን እንደሆነ አፈላለገ። በ1984 በዚሁ ስም የወጣው አልበም ላይ ጊዶን ክሬመር፣ ታቲያና ግሪንዴንኮና ኪት ጃሬት ተጫውተዋል፤ ሌላው የሶቪየት ደራሲ አልፍሬድ ሽኒትኬም ፒያኖ ላይ አለ። «ታቡላ ራሳ» የሚያልቅበትን መንገድ ልብ ብላችሁ ስሙ። ኮንትራባሱ ስኬሉን ወደ ሬ ይወርዳል፤ ሚ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሬ የተተወችው ለዝምታው ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የክብር ዝርዝር ረጅም ነው፤ ብዙም አልቆይበትም። ባችትራክ የተባለው የክላሲካል ሙዚቃ ድረ ገጽ ባወጣው ቆጠራ ከ2011 እስከ 2018 በሕይወት ካሉ ደራሲያን ሁሉ ሥራው በብዛት የቀረበው የእሱ ነው። በ2010 ወደ ኤስቶኒያ ተመለሰ፤ በ2018 ላውላስማ ጫካ ውስጥ ማዕከሉ ተከፈተ።

«ያረጋጋል» የሚለው ስም ሌላም ነገር ይደብቃል። ጋዜጠኛ አና ፖሊትኮቭስካያ በ2006 ሞስኮ ውስጥ ስትገደል፣ ፔርት የ2006/07ቱ ወቅት የሥራዎቹ ኮንሰርቶች በሙሉ ለመታሰቢያዋ እንዲሆኑ አደረገ። ሎስ አንጀለስ ላይ በጃንዋሪ 2009 የቀረበውን አራተኛ ሲምፎኒውን፣ ያኔ ሩሲያ ውስጥ ታስሮ ለነበረው ባለሀብት ለሚኻይል ኾዶርኮቭስኪ ሰጠ። በማርች 2004 የማድሪድ ባቡሮች ፈንድተው ሰው ሲያልቅ ከሁለት ቀን በኋላ «ዳ ፓቼም ዶሚኔ»ን መጻፍ ጀመረ፤ ትርጉሙ «ጌታ ሆይ፣ ሰላምን ስጠን» ነው።

የሚነቀፍበት

ተቺዎች ከፖላንዱ ሄንሪክ ጎሬትስኪና ከእንግሊዙ ጆን ታቨነር ጋር ደምረው «ቅዱስ ሚኒማሊዝም» የሚል ስም ለጥፈውበታል፤ ሚኒማሊዝም በጥቂት ድምፅ የሚሠራ ሙዚቃ ነው። ስሙ ብዙም አያስረዳም። የአሜሪካኖቹ ሚኒማሊስቶች፣ እነ ስቲቭ ራይሽ፣ የሚነሡት ከምት መደጋገም ነው፤ ፔርት ከምት ጋር ጉዳይ የለውም። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚለው ነቀፋ ግን ሙሉ በሙሉ ከእውነት የራቀ አይደለም። «ፍራትሬስ» ለየትኛው መሣሪያ እንደሆነ ሳይወሰን ስለተጻፈ ብዙ ዓይነት ቅጂ ወጥቶለታል፤ ከእነሱ መካከል ያልወጡ ቢሆኑ የማይጎድሉን አሉ። ፊልም ሠሪዎችም «ሽፒገል ኢም ሽፒገል»ን አድክመውታል፤ ኀዘን በታየ ቁጥር ሲጎተት፣ ራሱን ችሎ መስማት ከባድ ሆኗል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ፔርት ሕጉን እያላላ መጥቷል። በቤተ ክርስቲያን ስላቮንኛ የተጻፈው «ካኖን ፖካያነን» (1997) በዚህ በጣም ተጠቅሟል፤ በፒያኖና በኦርኬስትራው «ላሜንታቴ» (2002) ላይ ግን ሕጉ ሲጎድል ቦታው ባዶ ሆኖ ይሰማኛል።

ለመጀመር ለሚፈልግ ሰው፦ በ«ካንቱስ» ይጀመር፣ በጆሮ ማዳመጫ ቢሆን ይሻላል፣ ዝቅተኞቹ ድምፆች በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሰሙምና። አንድ ጊዜ ቫዮሊኖቹን ብቻ፣ አንድ ጊዜ ኮንትራባሶቹን ብቻ ተከተሉ። ቀጥሎ «ፉር አሊና»፣ ከዚያ «ታቡላ ራሳ» በሙሉ። የመዘምራን ድምፅ የሚወድ «ዳ ፓቼም ዶሚኔ»ን ይያዝ፤ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው። «ፓሲዮ» መጨረሻ ላይ ይሁን፣ የዮሐንስን ወንጌል በአማርኛ ከፍቶ እያነበቡ፤ ያለ ጽሑፉ 70 ደቂቃው ይከብዳል።